የእናትሽ ሰባት ጥርሶች

መስከረም 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጩጬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ የሰው አገሩ እንዴት ይዞሻል? እኛ አንቺን ከመናፈቅ በቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ጤና ነን። ሲስተርም ሰላም ትልሻለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታ ዛሬም ከእኔ ቀድማ ገብታ፣ ወለሉን ጠርጋ፣ መሣሪያውን ቀቅላ ነው የምትጠብቀኝ።

በደብዳቤ የምመጣብሽ ስልክ ላይ እንደማልረባ ስለምታውቂ ነው። አርባ ዓመት ጆሮዬ ሥር ሲያፏጭ የኖረው መቦርቦሪያ የስልክ ድምፅ የምሰማበትን ጆሮ ይዞት ሄዷል። ደግሞም ስልክ ላይ የተባለን ነገር ማንም መልሶ አያነበውም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናትሽ ጥርሷን ነክሳብኛለች። ባለፈው ማክሰኞ ወረፋ የሚጠብቁ አራት ሰዎችን አልፋ ገባችና ቦርሳዋን የመሣሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፋ፣ አፌ ውስጥ መርዝ የቀበርከው ምን አድርጌህ ነው አለችኝ። በበሽተኛ ፊት። ለካስ አንዲት ጎረቤቷ፣ ጥርስ የሚሞላበት ያ ብርማ ነገር ግማሹ ሜርኩሪ ነው፣ ሜርኩሪ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል ብላታለች። ግማሹ ሜርኩሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ሴትዮዋ አልዋሸችም። እኔ ግን በዚሁ ብርማ ነገር የዚህን ከተማ ግማሽ አፍ ሞልቻለሁ፤ አፉም እስከ ዛሬ እያኘከ፣ በትርፍ ጊዜውም እኔን እያማ ይኖራል።

ልከራከራት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እህቴ ስታለቅስ አልችልም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰባት ጥርስ ሞልቼላታለሁ፣ ሰባቱንም አወጣልሻለሁ አልኳት። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረፋ ዘግቼ፣ በአንድ መቀመጫ ሁሉንም ቦርቡሬ ሜርኩሪ በሌለው በነጩ መሙያ እተካላታለሁ። በአንድ ቀን ትገላገላለች፣ እኔም ከእሷ እገላገላለሁ። ከአንቺ የምፈልገው ጥሩ የመቦርቦሪያ ጫፍ ነው፤ ጠንካራውን፣ ቶሎ የሚፈጨውን። እዚህ የሚገኘው ሁለት ጥርስ ሳይጨርስ ይደንዛል።

ዲግሪሽን ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽው ፎቶውን ላኪልኝ። እኔም ክሊኒኬ ውስጥ እሰቅለዋለሁ፤ ከእኔ ትንሽ ዝቅ አድርጌ።

በወጣሽበት በገባሽበት ሁሉ ይቅናሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣ ለመጀመሪያው ሐኪሜ፤

እንደምን ከረሙ? ሲስተርስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት ሰው ሁሉ ማደንዘዣ ወግቼው ሲያመሰግነኝ ነው። በዚህ ሳምንት አለቃዬ የሜርኩሪ ሙሌት ብቻዬን እንዳወጣ ፈቀደችልኝ፤ ከመሣሪያው ይልቅ ላቤን ስጠርግ ነው የዋልኩት፣ ግን አወጣሁት።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ሁለተኛ ፈራሁ። ጋሼ፣ የእማዬን ሰባቱንም አያውጡ። ደህና የተቀመጠ፣ ጠርዙ ያልተከፈተ ሙሌት ባለበት ቢቀር ይሻላል። ሳይነካ ከሚወጣው ትነት ይልቅ ሲቦረቦርና ሲሞቅ የሚወጣው ይበልጣል። ሰባቱን በአንድ ቀን ቢፈጯቸው፣ እማዬ የፈራችውን ነገር በሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሳንባዋ ያስገቡባታል። መጀመሪያ ራጅ ያንሷት። የተሰነጠቀ ወይም ከሥሩ የበሰበሰ ካለ እሱ ብቻ ይውጣ።

እኛ እንዴት እንደምናወጣ ልንገርዎ። የሚሠራበት ጥርስ ብቻ ብቅ እንዲል ቀዳዳ ያለው የጎማ ሽፋን አፉ ላይ እንዘረጋለን፤ የቀረው አፍ ሁሉ ይሸፈናል። ውሃው አይቋረጥም። ረዳቴ ትልቁን መምጠጫ ከጥርሱ አጠገብ አስጠግታ ትይዛለች። ሙሌቱን አንፈጨውም፤ በቀጭን ጫፍ ቆራርጠን ቁራጭ በቁራጭ እናነሳዋለን። ስለዚህ ቶሎ የሚፈጨውን አልላክሁልዎትም፤ ቀጭኑን፣ የጎማ ሽፋኑን፣ የሜርኩሪ ትነት የሚያስቀር ጭንብልም ልኬያለሁ። ተራው ጭንብል ትነቱን አያስቀረውም። መስኮቱ ይከፈት። ቁርጥራጩ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ እንጂ ፍሳሽ ውስጥ አይግባ።

ልጅ ሆኜ ሳላለቅስ የተሞላሁ ቀን ምን እንደሰጡኝ ትዝ ይልዎታል? ሳህን ላይ የሜርኩሪ ጠብታ አንጠባጥበው በወረቀት ጫፍ እንዳባርረው ፈቀዱልኝ። ስነካው ሁለት ይሆናል፣ ሳገናኘው መልሶ አንድ ይሆናል። ሳያለቅስ ለተሞላ ልጅ ሁሉ ሽልማቱ ያ ነበር። አንዱ ጠብታ ከሳህኑ አምልጦ በወለሉ ጣውላ መሐል ሲገባብኝ ላለቅስ ስል፣ ተይው ሌላ አለ አሉኝ። የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው። እየወቀስኩዎት አይደለም፤ ያኔ ያላወቁት እርስዎ ብቻ አልነበሩም። ግን ጋሼ፣ ያ የጣውላ ወለል አሁንም አለ?

እማዬን ሳሙልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ጩጬ


ኅዳር 5

ይድረስ ለክብርት ዶክተር ጩጬ፤

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ካለሽበት ከፍታ ይድረስሽ። ጽሕፈቱ የሲስተር ነው፤ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች። ሥራ ስለበዛብኝ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ዕቃው ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ አንቺም ስሚኝ። ተመጥኖ የታሸገ፣ እጅ የማይነካው ካፕሱል የሚባል ነገር ሳይመጣ እኔ ሜርኩሪውን ከብሩ ዱቄት ጋር በባዶ መዳፌ እያሸሁ፣ የተረፈውን በጨርቅ እየጨመቅሁ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። የዘራሁት ቢለቀም አንድ ጣሳ ይሞላል። ይኸው አልሞትኩም። ጣውላውም አለ፤ እንዲያውም ማሞቂያውን እላዩ ላይ አድርጌ ክፍሌ እንደ ምድጃ ይሞቃል። መስኮቱን በተመለከተ፣ ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ብናኙን፣ መንገዱ ደግሞ አቧራውን እየላከ ስላስቸገረኝ በምስማር ከጠረቀምኩት አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ንጹሕ ክፍል ነው። ሲስተር በቀን ሁለቴ ትጠርገዋለች።

ቢሆንም ራጅ አነሳኋት። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፣ ከሥራቸውም መበስበስ ጀምሯል። አምስቱ ትናንት የተሞሉ ይመስላሉ። ልክ ነሽ፤ ይህን ቃል ከእኔ አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሰሚው። እናትሽ አምስቱ ይቀራሉ ስላት ሽንጧን ገትራ ተከራከረች፣ ልጅሽ ናት ያለችው ስላት ግን ወዲያው እሺ አለች። እኔ ብቻዬን ብለው ኖሮ እስከ ዛሬ እንጨቃጨቅ ነበር። ሁለቱን ታኅሣሥ 20 ቀን አወጣላታለሁ።

ማዶ ክሊኒክ የከፈተውን ጎረምሳ ሐኪም ነግሬሻለሁ? ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ ማዶኛው እለዋለሁ። በሽተኛው ተንጋሎ እንዲያይ ጣሪያው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅሏል። መምጠጫውም እስከ እኔ ክፍል ድረስ ይጮኻል፤ መኪና የሚያጥብ ነው የሚመስለው። እናትሽ ወደዚያ ልሂድ እንዴ ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ በሕይወት እያለሁ የእህቴን አፍ ሌላ ሰው አይከፍተውም ብያታለሁ።

ከቻልሽ እጀታው ወፈር ያለ የአፍ መስተዋት ላኪልኝ። የድሮዎቹ እያገለገሉ ስለቀጠኑ ከእጅ ያመልጣሉ። አጉልቶ የሚያሳይ መነጽርም ጨምሪበት።

ሰላም ሁኚ።

አጎትሽ

የተናገሩትን እንዳለ ጽፌያለሁ። ያልተናገሩትን አልጻፍኩም። ሲስተር


ኅዳር 27

ይድረስ ለምወድዎት ጋሼ፤

ጤናዎን የምጠይቀው እንደ ወግ አይደለም። ዛሬ መልሱን አጥብቄ እፈልገዋለሁ።

ብረት አገልግሎ አይቀጥንም፣ ጋሼ። ስለ መስተዋቱ የጻፉትን አንብቤ እንደጨረስኩ የመስከረሙን ደብዳቤዎን አወጣሁ፤ ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደዚህ ስመጣ የጻፉልኝን አጠገቡ አስቀመጥኩ። የያኔው ፊደል ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የመስከረሙ ግን እያንዳንዱ መስመር ይርገበገባል። የመጨረሻውን ደግሞ ጭራሽ ለሲስተር ሰጡት። ሲስተርም ከታች የጻፈችልኝን አንብቤዋለሁ።

እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ምናልባት የዕድሜ ነው፣ ምናልባትም ሌላ በሽታ ነው፤ በደብዳቤ ማወቅ አልችልም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በመዳፍ ያሹት፣ በጨርቅ የጨመቁት፣ ጣውላው መሐል የገባው ሜርኩሪ የትም አልሄደም። ማሞቂያው እያሞቀ ያተነዋል፣ የተጠረቀመው መስኮት ደግሞ አያስወጣውም። ለበሽተኛው አንድ ሰዓት ነው፤ ለእርስዎ ግን አርባ ዓመት። የሽንት ምርመራ ይስጡ፤ ቀላል ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ወለሉም አይጠረግ፤ መጥረጊያ ጠብታውን ይበትነዋል እንጂ አያነሳውም።

አሁን ከባዱን ልበለው። እማዬን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ እጅ አይንኩብኝ። ሙሌቱን ዙሪያውን መቁረጥ የሚባለው ጥንቃቄ እጅ ካልጸና ከንቱ ነው፤ ጫፉ ትንሽ ቢስት ምላሷን ወይም ጉንጯን ያገኛታል። ማዶ ያለው ሐኪም መምጠጫው ይጮኻል ብለዋል። ይጩህ፤ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ወደ እሱ ይውሰዷት።

ይህን ለአጎት መጻፍ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። የተበላሸ ጥርስ ስታዪ ያየሽውን ተናገሪ እንጂ አታባብዪ ብለው ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። እወድዎታለሁ፤ ለዚህ ነው የማላባብልዎት።

ጩጬ


ጥር 8

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? ስድስት ሳምንት ሆነ፤ እንደ ውሃ ሽታ ጠፉብኝ። እማዬ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ጥርስሽስ ስላት በልተሻል ወይ ትለኛለች። ጋሼስ ስላት ብርድ ልብስ ይበቃሻል ወይ ትለኛለች። በመጨረሻ አጥብቄ ስጠይቃት፣ አጎትሽ ራሱ ይጽፍልሻል ብላ ስልኩን ዘጋችው። ድምፅዋ ደህና ነው፤ ምላሷ እንዳልተቆረጠ በዚህ አውቄያለሁ።

ከተቀየሙኝም ተቀይመው ይጻፉልኝ። የጻፍኩትን አልመልሰውም። ሥራ ላይ በሽተኛ አፉን በከፈተልኝ ቁጥር ግን እርስዎን ነው የማስበው፤ እባክዎ ቶሎ ይገላግሉኝ።

ጩጬ


ጥር 25

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርልሽም፤ እንዴት እንደሆንኩ ስታነቢ ታገኚዋለሽ። ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ያቃተሽን ቃል ገምቺው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ደሜ ፈላ። ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ለማንም ሳላሳይ ይዤው ዞርኩ። ታኅሣሥ 20 ቀን እናትሽ መጣች። ፎጣውን ደረቷ ላይ አሰርኩላት፣ የላክሽውን ጭንብል አጠለቅሁ፣ ሽፋኑን አዘጋጀሁ። ሲስተር መስኮቱን ልትከፍት ከምስማሩ ጋር ትታገላለች። ማደንዘዣውን ልወጋት መርፌውን አነሳሁ። እናትሽ አፏን ከፍታ ዓይኗን ከመርፌው ጫፍ ላይ አልነቀለችም። ጫፉ ትንንሽ ክብ ይሠራ ነበር። እኔ እንዳላየ ሆንኩ።

እጇን ሰደደችና አንጓዬን ያዘችኝ፤ ሳትጎትት፣ ሳትገፋ።

‹‹ወንድም ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?›› አለችኝ።

ስለ መርዝ ስትጮህብኝ ያልደነገጥኩት ሰውዬ፣ በዚህች ጥያቄ መርፌውን ወደ ቦታው መለስኩት። ሁለት ዓመት አልኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀላል ቀላሉን ጥርስ እየመረጥኩ፣ ከባዱን ነገ ተመለስ እያልኩ፣ ክንዴን የበሽተኛው አገጭ ላይ አስደግፌ ስሠራ ኖሬያለሁ። ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ ተነስ እንሻገር አለችኝ።

ተሻገርን። እሷ ፎጣዋን ደረቷ ላይ እንዳሰረች፣ እኔና ሲስተር ጋዋናችንን እንደለበስን፣ መኪና አስቁመን ስንሻገር ልብስ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ቆሞ አየን። ማዶኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳማው መኖሬን ያውቃል፤ ሰው መቼም አያወራም አይባልም። ሲያየኝ ግን ብድግ ብሎ የራሱን መቀመጫ ለቀቀልኝ። ራጁን አየ፣ የጎማ ሽፋኑን ከራሱ መሳቢያ አወጣ፤ ሥራውን ያውቀዋል። ረዳቱ ያን ቀን አልመጣችም ነበር። ማን መምጠጫ ይያዝልኝ ሲል እኔ እይዛለሁ አልኩ። አርባ ዓመት ሐኪም ሆኜ በረዳት በርጩማ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። መምጠጫው ወፍራም ስለሆነ በሁለት እጅ ይያዛል፤ በሁለት እጅ ስይዘው ጸና።

ውሃውን እያፈሰሰ ዙሪያውን ቆረጠ። ከአንዱ ጥርስ አራት ቁራጭ፣ ከሌላው ሦስት ወጣ፤ ሁሉም ክዳን ወዳለው ዕቃ ገባ። መምጠጫውን አንድ ጊዜ እንኳ አላራቅሁበትም። እናትሽ ግን ቴሌቪዥኑን ከለልክብኝ ብላ በእጇ ጭንቅላቴን ገፋችው።

ሲጨርስ አምስቱን በመስተዋት ሲያይ ቆየና ማን እንደሞላቸው ጠየቀ። ሊያፌዝብኝ መስሎኝ፣ እኔ ነኝ አልኩት ኮስተር ብዬ። ‹‹ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ጠርዛቸው አልተከፈተም፤ እኔ እንዲህ አድርጌ መሙላት አልችልም፤ አልነካቸውም›› አለኝ። ሆድ ባሰኝ። አንቺ የላክሽው ጭንብል ትነት ብቻ ሳይሆን የሽማግሌ ፊትም ይሸፍናል።

ምርመራውንም ሰጠሁ። ብቻዬን ላለመሄድ ብዬ ሲስተርንም ስጪ አልኳት። የእኔ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ነው። የመረመረኝ ሐኪም ከክፍሉ ከወጣሁ በወራት ውስጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ እጄ ግን ሊሻለውም ላይሻለውም እንደሚችል ነገረኝ። አልተሸበርኩም። ክሊኒኩን ዘግቻለሁ። ሥራው የሚገባቸው ሰዎች መጥተው ጣውላውን ይነቅሉታል፤ ከሥራችን ያለው ልብስ ሰፊም ይመረመራል። ማዶኛው በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣሁ ራጅ እንዳይለትና እንዳማክረው ለምኖኛል። እሺ ብያለሁ፤ እጄ ነው እንጂ ዓይኔና አፌ አልተንቀጠቀጡም። ስለዚያ ሳህን ደግሞ ይቅር በይኝ። የአንቺን ጠብታ አስታውሰዋለሁ፤ የሌሎቹን ልጆች እየቆጠርኩ ሳልጨርስ ይነጋል።

አንቺ ልክ ነበርሽ። አንድ ጊዜ ብቻ እለዋለሁ ያልኩትን ሰርዣለሁ።

የሲስተርን ውጤት እስካሁን ያልነገርኩሽ መጻፉ ስላቃተኝ ነው። ከእኔ ይበልጣል። እኔ ያፈሰስኩትን ጠዋትና ማታ ሃያ ስድስት ዓመት፣ አሥራ አምስቱን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ የጠረገችው እሷ ናት። አንቺ ስለ እጄ ጻፍሽ፣ እናትሽ እጄን ያዘች፣ እኔም ስለ እጄ ሁለት ዓመት ተጨነቅሁ። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ራስ ምታቷ ከጀመረ፣ እንቅልፍ ካጣች ሦስት ዓመት እንዳለፋት ውጤቱን ስንቀበል ነው የሰማሁት። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ነግሬዎት ነበር፣ መስኮቱ ይከፈት ብዬ አለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ክሊኒኩ ገባሁ። መሣሪያውን በሣጥን እየከተተች ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ብያት የማላውቀውን ቃል አልኳት፤ ይቅር በይኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ታለቅሳለች ብዬም ጠበቅሁ። ሣጥኑን ዘጋችና ካፖርቴን ከመስቀያው አውርዳ አቀበለችኝ።

‹‹መጀመሪያ ከዚህ ክፍል እንውጣ፣ ዶክተር›› አለችኝ። ‹‹ይቅርታውን ውጭ ሆነን እንነጋገርበታለን።››

ወጣን። ዛሬ ስድስተኛ ቀናችን ነው፤ ገና አልጨረስንም።

አጎትሽ